ከሻንጋይ እስከ ያንጂየን፦ አዲሱ የጥንት ነሐስ

በቻይናዋ የንግድ ከተማ ዪው የገበያ ሥራዬን ጨርሼ ሻንጋይ ስመለስ በረራዬ ገና ነበር። ከአንድ ነጋዴ ወዳጄ ጋር ፑዶንግ ወዳለው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደተከፈተው የሻንጋይ ሙዚየም ምሥራቅ ሕንፃ ሄድን። ወዳጄ ከክርስቶስ ልደት በፊት የነገሡት የሻንግና የዡ ሥርወ መንግሥታት ዘመን የነሐስ ዕቃዎችን አፉን ከፍቶ ሲያይ ቆየ። የጥንቱን አስመስለው ከሶንግ ሥርወ መንግሥት (ከ10ኛው ክፍለ ዘመን) እስከ ቺንግ (እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ) የተሠሩት ጋ ስንደርስ ግን «ይሄማ ፎርጅድ ነው፤ እንውጣ» አለኝ።

ይሄ አነጋገር ያበሳጨኛል። እኛ አገር አንጥረኛ የጥንቱን የላሊበላ መስቀል አይቶ አዲስ ቢሠራ ማን ፎርጅድ ይለዋል? እ.ኤ.አ. በ1104 የጥንት ደወሎች ከመሬት ሲወጡ፣ የሶንግ ንጉሠ ነገሥት ሁዪዞንግ በእነሱ አምሳል ለቤተ መንግሥቱ ዜማ አዳዲስ ደወሎች አሠራ። የፈለገው የጥንቱን ሥርዓት መመለስ ነው እንጂ ገዢ ማታለል አይደለም። እርግጥ በኋላ ዘመን ለማጭበርበር የሠሩም ሞልተዋል። ቢሆንም ከጥንቱ ተመስለው ከተሠሩት ዕቃዎች ብዙዎቹ የራሳቸው አገልግሎት ነበራቸው፦ ጥንት የእህል መጠጥ ይቀርብበት የነበረው ወገበ ቀጭኑ «ጉ» አበባ ማስቀመጫ፣ ባለ ሦስት እግሩ «ዲንግ» ደግሞ ዕጣን ማጨሻ ሆነ።

ወዳጄን እዚያው ትቼው አዲሱ ነሐስ የሚሠራበትን መንደር ለማየት በፈጣን ባቡር ሎያንግ ከተማ ገባሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል አላየሁም፤ ከግድግዳው ወዲያ እስኪነጋ ማጆንግ የሚባለውን የቻይና የጠጠር ጨዋታ ይጫወታሉ፣ ጠጠሩ ይንኳኳል። ጠዋት በ180 ዩዋን የተስማማሁት ባለ ታክሲ ስንደርስ 260 ካልሆነ አለ። ከፈልኩ፤ ግን እስካሁን ያናድደኛል። የተስማሙበት ዋጋ መከበር አለበት።

የሄድኩበት ያንጂየን በሎያንግ ሥር ባለው ዪቹዋን ወረዳ ያለ፣ የጥንት ነሐስ አስመስሎ በመሥራት የታወቀ መንደር ነው። አንዲት እናት ደጃቸው ላይ ቆሜ ሲያዩኝ ወንበር አወጡልኝ፣ ትኩስ ውሃ ቀዱልኝ፤ በስልክ አስተርጓሚ እየተግባባን ወርክሾፓቸውን አሳዩኝ። ልጃቸው በሰም በተሠራ ዲንግ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ በጋለ ቀጭን ብረት ላዩ ላይ የተቀረጸውን የአውሬ ፊት ዓይን ጠርዝ ያስተካክላል። አንዱ ዓይን ከሌላው በጥቂቱ ዝቅ ብሎበት ነበር፤ አፍርሶ እንደገና ጀመረው። ሰሙ ከሚሸፍነው ቅርጽ ውስጥ ቀልጦ ሲወጣ ነሐሱ በቦታው ይፈስሳል። የሻንግ ሠሪዎች ግን በአብዛኛው የሚያፈሱት ተገጣጣሚ በሆነ የሸክላ ቅርጽ ውስጥ ስለነበር፣ የመጋጠሚያው መስመር በዕቃው ጎን ላይ ይቀራል። አረንጓዴው ዝገት እዚህ በኬሚካል ይቀባል፤ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል።

ትንሽ ጉ በ320 ዩዋን ገዛሁ። እናትየው ሳልጠይቃቸው ደረሰኙ ላይ «አዲስ የእጅ ሥራ» ብለው ጻፉልኝ። ከ1911 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ ቅርሶችን ከቻይና ማውጣት በጥቅሉ ክልክል ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፈታሹ ዕቃውን ደጋግሞ ካገላበጠ በኋላ ያሳለፈኝ ያንን ደረሰኝ አይቶ ነው።