20 ኪሎ ዱቄት ከኋላ ሲጫን

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በብስክሌት የሄደ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። መጀመሪያ የእንጦጦን ዳገት ትገፋለህ፣ ጫፉ ላይ ነፋሱ ይቀበልሃል፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ቁልቁል ነው። ባዶ ብስክሌት ይዤ ብዙ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። ባለፈው ክረምት ግን 20 ኪሎ የጤፍ ዱቄት ከኋላ ጭኜ ስሄድ፣ ብስክሌቱ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ዳገቱ ላይ ነው የጀመረው። ከኮርቻው ተነስቼ ፔዳሉን ስረግጥ መሪው ቀለለብኝ፤ የፊት ጎማው መሬቱን አልይዝ አለ። ቁልቁለቱ ላይ ባሰበት። ፍጥነት ስጨምር መሪው እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ቀጥሎ ብስክሌቱ ሙሉ በሙሉ ግራ ቀኝ ይወዛወዝ ጀመር፣ ከኋላዬ ደግሞ አንድ አይሱዙ ጥሩምባውን ይነፋል። በጣም ፈራሁ። ጉልበቶቼን መሃለኛው ብረት ላይ አጥብቄ ገጠምኩ፣ ፍሬኑን ቀስ ብዬ ያዝኩ፣ ቀስ በቀስ ተረጋጋ።

ሱሉልታ ደርሼ ጎማ ላስነፋ ስቆም ጎሚስታው ጆንያውን አይቶ፣ «ልጄ፣ ይሄ ጭነት ከጎማው አልፎ ተንጠልጥሏል እኮ። ፊቱን እያነሳብህ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ጭነት ከኋላ ጎማው መሃል አልፎ ወደ ኋላ ከወጣ ኋላውን ተጭኖ ፊቱን ያቀላል። የፊት ጎማ ደግሞ ክብደት ካላረፈበት መንገዱን አይዝም። በዚያ ላይ ገመዱ ላላ ያለ ከሆነ ጆንያው ለብቻው ይወዛወዛል፣ ውዝዋዜው በብረቱ አልፎ መሪው ላይ ይደርሳል። ከፍ ብሎ ሲታሰርማ ለመጣል የሚፈልግ ነው የሚመስለው።

አሁን ዱቄቱን 10 እና 10 ኪሎ አድርጌ ለሁለት እከፍላለሁ። ግራና ቀኝ፣ ዝቅ አድርጌ፣ ተረከዜን እስካልነካ ድረስ ወደ ፊት አስጠግቼ፣ ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ጥርቅም አድርጌ አስራለሁ። ቀላል ነገር ካለ ከፊት መሪው ላይ ይሄዳል። መሪው ትንሽ ይከብዳል፣ ግን አይንቀጠቀጥም። ጀርባ ላይ መሸከም አልወድም፤ ክብደቱን ሽቅብ ይወስደዋል፣ ወገብንም ይጎዳል። ውሃ ለምትጭኑ ደግሞ፣ ግማሽ የሆነ ጀሪካን ከሞላው ይከፋል። ውሃው ውስጡ እየተላጋ፣ ልክ ስትታጠፉ ወደማትፈልጉት በኩል ይስባችኋል።

ፍሬኑን አትርሱ። እኔና ብስክሌቴ አንድ ላይ 80 ኪሎ ነን። 20 ኪሎ ሲጨመር ፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ጉልበት በሩብ ያድጋል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ15 ወደ 30 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ደግሞ አራት እጥፍ ነው። ቸርኬውን ቆንጥጦ የሚይዝ ፍሬን በዝናብ ሲርስ ቶሎ አይዝም፣ ስለዚህ ክረምት ላይ ከሩቁ መያዝ ነው።

ጫፉ ላይ ሳልቆም ቁልቁለቱን አልጀምርም። እወርድና ጭነቱን በእጄ ገፋ አደርገዋለሁ። ብቻውን ከተንቀሳቀሰ እንደገና አስራለሁ። ብስክሌቱም አብሮ ከተንቀሳቀሰ ወደ ሱሉልታ እለቀዋለሁ።