ባርቤል ሳይኖረኝ የአካል ብቃት አሰልጣኝ የሆንኩበት መንገድ

ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ሜዳ ስትወጡ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሥራዬን የጀመርኩት እዚያ ሜዳ ላይ ነው። ጋቢ ደርቤ፣ ደብተር ይዤ፣ ሦስት ሯጮች ሲያሟሙቁ እያየሁ።

በስፖርት ሳይንስ ከተመረቅኩ በኋላ ወራት ሙሉ ሥራ ፈለግኩ። የማገኘው ማስታወቂያ ሁሉ ለስፖርት መምህር ነበር። የአካል ብቃት አሰልጣኝ የሚል አንድም አላየሁም። ሙያው በዓለምም ወጣት ነው። አሜሪካ ውስጥ የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ቦይድ ኤፕሊን ለዚህ ሥራ የቀጠረው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። የሙያ ማኅበሩንም እሱ በ1978 አቋቋመ። ያኔ እዚያም ብረት ማንሳት ስፖርተኛን ያዘገያል ተብሎ ይፈራ ነበር። እኛ ሰፈር ዛሬም ይፈራል።

ማስታወቂያ መጠበቁን ትቼ አንድ የሩጫ አሰልጣኝ ዘንድ ሄድኩ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። "ጋሼ፣ ክፍያ አልፈልግም፣ ልጆቹን ላግዝ" አልኳቸው።

"ብረት አሸክመህ ልታከብድብኝ ነው?" አሉኝ።

"ግድ የለም፣ መጀመሪያ ልይ።"

አንድ ወር ምንም ሳላዝ አየሁ። ማን ቀኝ እግሯን ላለመጫን ትጠነቀቃለች? ማን ዳገት ላይ ወገቡ ይጎብጣል? ማን ቁርስ ሳይበላ ይመጣል? ሁሉንም ጻፍኩ። ወሩ ሲያልቅ ደብተሩን ለጋሼ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "በል ጀምር" አሉ።

የሚነሳ ብረት የለም፤ ባርቤልም ዳምቤልም። የ20 ሊትር ጀሪካን ግን በየቤቱ አለ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሚዛን አያስፈልገኝም። በየሳምንቱ ሁለት ሊትር እጨምራለሁ። ጀሪካን ታቅፎ ቁጭ ብድግ፣ በአንድ እግር ድንጋይ ላይ መውጣት፣ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ዝቅ ከፍ ማድረግ። በተለይ የመጨረሻውን ለሯጭ እወደዋለሁ። ከባት ወደ ተረከዝ የሚወርደው ጅማት እግር መሬት ሲነካ ጉልበት ያከማቻል፣ ሲነሳ መልሶ ይሰጣል። ጅማቱ ሲጠነክር ሯጩ በዚያው ፍጥነት ለመሄድ የሚያወጣው ጉልበት ያንሳል። ለጋሼም ያስረዳሁት እንዲህ ነው። ልጆቹ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሦስት ዙር፣ በየዙሩ አምስት ስድስት ጊዜ ብቻ ይሠራሉ። በዚህ ልክ እየሠራ ያን ያህል ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው በጡንቻ አይከብድም።

የከበደኝ እረፍቱን ማስከበር ነው። በዙሮች መካከል ሦስት ደቂቃ ማረፍ አለባቸው። "ኮች፣ በዚህ ብርድ ቆመን ምን እንሠራለን?" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ከጀሪካኑ ጎን ጋቢ ማስቀመጥ ጀመርን። ዙር ሲያልቅ ይደረባል፣ ሲጀመር ይወልቃል።

ከዚያ አጠፋሁ። አንዷ ልጅ ውድድር ሦስት ቀን ቀርቷት ነበር። ቋንጃዋ ደካማ መሆኑን ደብተሬ ላይ ስለጻፍኩ አዲስ እንቅስቃሴ ሰጠኋት። ተንበርክካ፣ ጓደኛዋ ቁርጭምጭሚቷን ይዛላት፣ ሰውነቷን ወደ ፊት ቀስ እያለች ታወርዳለች። እንቅስቃሴው ጥሩ ነው። ግን አዲስ ነበር፣ እኔም አበዛሁት። እንዲህ ያለ ሥራ የሚያመጣው የጡንቻ ሕመም ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚብሰው። የውድድሯ ቀን እግሯ እንጨት ሆኖ አቋርጣ ወጣች። ስታለቅስ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ለጋሼ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርኳቸው። ሁለት ቀን አላናገሩኝም። በሦስተኛው ቀን "ሁለተኛ ሳትነግረኝ አዲስ ነገር እንዳታስገባ" አሉኝ። ልጅቷንም ይቅርታ ጠየቅኳት።

ከዚያ ወዲህ ውድድር ሁለት ሳምንት ሲቀረው አዲስ ነገር አላስጀምርም። አዲስ ነገር ሲገባም በሦስትና በአራት ድግግሞሽ ይጀመራል። እሁድ ከሰዓት ጋሼ ጋር ቁጭ ብለን የሳምንቱን ሩጫ እናያለን። እኔ የምሠራው እሳቸው በተዉልኝ ቦታ ላይ ነው። ይህን ሥራ ለመጀመር ለምታስቡ ሁሉ አጥብቄ የምነግራችሁ ይሄንን ነው። ልጁ የሚወዳደረው በሩጫ ነው፣ በጀሪካን አይደለም።

ጾምንም ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከልጆቹ ብዙዎቹ እስከ 9 ሰዓት አይቀምሱም። ብሉ ማለት የኔ ሥራ አይደለም፣ የነሱና የነፍስ አባታቸው ጉዳይ ነው። የኔ ድርሻ ሰዓቱን ማዛወር ነው። የጉልበት ሥራውን ወደ አመሻሽ፣ ሽሮና ምስር በልተው ትንሽ ካረፉ በኋላ አደረግኩት። ዙሩንም ከሦስት ወደ ሁለት አወረድኩ። ከፋሲካ በኋላ ቀስ ብለን እንመልሰዋለን።

ገንዘቡስ? ሯጮቹ መክፈል አይችሉም። እኔም አልጠየቅኳቸውም። እንጀራዬ የወጣው ከተማ ውስጥ ካለ ጂም ነው። ወገቡን የሚያመው የአይሱዙ ሾፌር፣ ቀኑን ሙሉ የምትቆም መምህር፣ ከወሊድ በኋላ የተመለሰች እናት። የመጀመሪያ ደመወዜ የቤት ኪራይ አይሸፍንም ነበር፤ ሁለተኛውን ዓመት ነው የተነፈስኩት። ከውጭ የሚሰጠውን የሙያ ፈተና ገና አልወሰድኩም። ዲግሪና ዶላር ይጠይቃል፣ አንዱ አለኝ። የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሥልጠና ግን ከሁሉም በፊት ወሰድኩ። ሰው በእጃችሁ ላይ ጉልበቱን ሲያወጣ ያንን ሳታውቁ መቆም የለባችሁም።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ከመንዝ የመጣች አዲስ ልጅ ይዘው ሜዳ መጡ። "ይህቺንም ደብተርህ ላይ ጻፋት" አሉኝ። ዳገት ስትወጣ ግራ ትከሻዋ ከፍ ይላል። ጀሪካን ገና አላስነሳኋትም።