ሳይበድሉ ለታሰሩት

ወዳጆቻችን፣ እንኳን ለበዓሉ በሰላም አደረሳችሁ! ቤት በዘመድ በሚሞላበት በዚህ ቀን፣ ባልሠሩት ወንጀል ተፈርዶባቸው ከቤተሰባቸው የራቁትንም እናስባቸው። ከማሰብ አልፎ ልናደርገው የምንችለው ነገርም አለና።

እ.ኤ.አ. በ1992 ባሪ ሼክና ፒተር ኑፌልድ ኒውዮርክ ውስጥ ያለ ጥፋታቸው የተፈረደባቸውን የሚያስፈታውን ድርጅት፣ ኢኖሰንስ ፕሮጀክትን፣ ከመሠረቱ ወዲህ በዲኤንኤ ምርመራ ብዙ ንጹሐን ተፈተዋል። አብዛኞቹን ያስፈረደባቸው የተሳሳተ የዓይን ምስክር ነበር። ምስክሩ ብዙ ጊዜ ሆን ብሎ አይዋሽም። ተጠርጣሪዎችን አሰልፎ የሚያሳየው ፖሊስ የተጠረጠረው የትኛው እንደሆነ ካወቀ፣ ሳይታወቀው በዓይኑም በድምፁም ይጠቁማል፤ ያን ዕለት «ይመስለኛል» የተባለው ፍርድ ቤት እስኪደርስ «እርግጠኛ ነኝ» ይሆናል። ስለዚህ ምስክሩ ከተሰለፉት መካከል ሰውየውን ሲለይ፣ ተጠርጣሪውን የማያውቅ ፖሊስ ያስፈጽም፤ ምስክሩ ያለውም ቃል በቃል እዚያው ይመዝገብ።

ከተፈረደ በኋላ ነገሩ ይከብዳል። ንጹሑን የማስፈታቱ ሥራ ከእስረኛው ደብዳቤ ይጀምራል፤ የችሎቱ ግልባጭና የፖሊስ መዝገብ ይሰበሰባል፤ ቀጥሎ ኤግዚቢት፣ ማለትም በማስረጃነት የተያዘ ልብስና የመሳሰለው ዕቃ፣ ፍለጋ ነው። ብዙ ጉዳይ መንገድ ላይ የሚቀረው እዚህ ነው። የፖሊስ መጋዘን፣ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት፣ ላቦራቶሪና ሆስፒታል ለየብቻቸው በጽሑፍ ይጠየቃሉ። «ጠፍቷል» ከተባለም መቼ፣ በማን ትእዛዝ እንደተወገደ የሚያሳየው ሰነድ ይጠየቅ፤ ሰነዱ ከሌለ ፍለጋው አላለቀም። ቢገኝም አያያዙ ያሰጋል፦ እርጥብ ልብስ በላስቲክ ከታሸገ ይሻግታል፣ ዲኤንኤውም ይበላሻል። ደርቆ በወረቀት መታሸግ ነበረበት።

እጅግ የሚያንገበግበን ደግሞ የአመክሮ ነገር ነው። የአመክሮ ቦርድ ጸጸት ይፈልጋል። ንጹሑ ሰው «አጥፍቻለሁ» አልልም ካለ እንደ ልበ ደንዳና ይቆጠርና፣ በእርግጥ አጥፍቶ ካመነው ይልቅ ረዥም ዘመን ሊታሰር ይችላል! ነጻ ሲወጣም፣ በአሜሪካ ብዙ ቦታ በአመክሮ ለተፈታ የሚደረገው የሥራና የመኖሪያ ድጋፍ ለእርሱ አይደርሰውም። ካሳው ቢፈቀድም ዓመታት ይፈጃል። ለመርዳት የምታስቡ ሁሉ፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ለቤት ኪራይ፣ ለመታወቂያና ለሕክምና የሚውል ገንዘብ ብትሰጡ ትልቅ ቀዳዳ ትደፍናላችሁ።

ለእስረኛ ደብዳቤ የምትጽፉም አስቀድማችሁ የማረሚያ ቤቱን ደንብ ጠይቁ፤ ሙሉ ስሙንና የእስረኛ ቁጥሩን አትርሱ። የክሱን ዝርዝር አታንሱ፤ ደብዳቤ ይነበባል፣ የተጻፈውም ችሎት ሊቀርብበት ይችላል። «በቅርቡ ትፈታለህ» አትበሉት። ስለ ዕለት ኑሯችሁ ጻፉለት፤ አንዴ ከጀመራችሁም አታቋርጡ፣ ጉዳዩ ዓመታት ይወስዳልና።

መልካም በዓል ይሁንላችሁ።