ዘንድሮ ኒያዬን አልደበቅኩም

ጳጉሜ 5፣ 2017 ማታ፣ ደሴ

ውጪ የሰፈር ልጆች ችቦ ለኩሰው እየጮሁ ነው፣ እናቴ ጓዳ ለነገ ድፎዋን እያቦካች፣ እኔ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አምና ጳጉሜ የጻፍኩበትን ደብተር እንደገና ከፈትኩት። አረንጓዴ ሽፋን ያለው ተራ ደብተር ነው፣ አመቱን ሙሉ ሻንጣዬ ስር ከክረምት ልብሶች በታች ነው የኖረው፣ ማንም እንዳያየው ማለት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የአመቱን ኒያዬን፣ ላደርግ ያሰብኩትን ሰባት ነገር ጽፌያለሁ። መንጃ ፈቃድ ማውጣት፣ በየወሩ 3,000 ብር ባንክ ማስቀመጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጦሳ ተራራ መውጣት፣ ማስተርስ መመዝገብ፣ ማታ ከ3 ሰአት በኋላ ስልክ አለመንካት፣ ኩታበር ያለችውን አክስቴን በየወሩ ሄዶ መጠየቅ፣ ቁጣ መቀነስ። ስጽፈው እጄ ምን ያህል እርግጠኛ እንደነበር ከፊደሉ ያስታውቃል፣ ተጭኜ ነው የጻፍኩት፣ በጀርባው በኩል በጣት ሲነካ ይታወቃል።

ከሰባቱ አንዱም እንዳሰብኩት አልሆነም። መጀመሪያ ላይ በጣም ነበር ያዘንኩት፣ ከዛ ግን ሁለት ሶስት ቀን ሳብሰለስለው ዋልኩና የገባኝ ነገር አለ፣ እሱን ነው ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት።

ከዛ በፊት ግን ለምን ያ ደብተር ለኔ ትልቅ ነገር እንደነበር ልናገር። በ2014 ጥቅምት ላይ በጦርነቱ ከተማው ሲያዝ እኛም እንደ ሰዉ ሁሉ አንድ ፌስታል ልብስና የእናቴን መድሀኒት ይዘን ነው የወጣነው። ስለሱ ብዙ መጻፍ አልፈልግም፣ ያየ አይቶታል። ከተመለስን በኋላ ግን እቅድ የሚባል ነገር ከውስጤ ወጣ። ጓደኞቼ በየአመቱ ጳጉሜ ላይ ዘንድሮ እንዲህ አደርጋለሁ ምናምን ሲሉ እኔ ዝም ነው የምለው፣ ነገ የት እንደማድር የማላውቅበትን ወር አይቼ ለአስራ ሁለት ወር ማቀድ ድፍረት መሰለኝ። በ2016 ጳጉሜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደገና የጻፍኩት፣ እሱንም ለሰው ሳልናገር፣ ብነግር የሚሰበር ስለመሰለኝ። ደሞ ሰውም ሲመክር አይን እንዳይበላው አትናገሪው፣ ሲሳካ ሰው ያየዋል ነው የሚለው፣ እኔም አምኜበት ነበር።

ስራዬ ኮምቦልቻ ነው፣ ሂሳብ ክፍል። በየቀኑ ጠዋት 12 ሰአት ተኩል ላይ ሚኒባስ ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ ኮምቦልቻ ደሞ 1,850 ገደማ፣ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ በዚች መንገድ ግን ሌላ አገር ነው የምትገባው። ደሴ ስሳፈር ጃኬቴን እስከ አገጬ ዘግቼ ነው፣ ክረምት ላይ ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ሹፌሩ አንገቱን አስግጎ ነው የሚነዳው፣ ጠመዝማዛውን ስንጨርስ ጉሙ ከላይ ይቀርና ሙቀቱ ይመጣል፣ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ጃኬቱን ማውለቅ ይጀምራል። ያቺ ጃኬት የምናወልቅባት ደቂቃ ደስ ትለኛለች። አመቱን ሙሉ ስለ ሰባቱ እቅዶች ያሰብኩት እዛ ሚኒባስ ውስጥ ነው፣ ነገ እጀምራለሁ እያልኩ፣ ከሰኞ ጀምሮ እያልኩ፣ ከደሞዝ በኋላ እያልኩ፣ ማንም ስለማያውቅ ማንም የት ደረሰ አይለኝም፣ እኔም ራሴን መጠየቅ ስጀምር ኮምቦልቻ ደርሰናል።

የባንኩ ነገር ይኸውላችሁ። የብር ምንዛሬው ሐምሌ 22፣ 2016 በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ኑሮው እንዴት እንደሆነ ለማንም አይነገርም፣ ዘይቱም ታክሲውም። መስከረም 3,000 አስቀመጥኩ፣ ጥቅምትም አስቀመጥኩ፣ ኅዳር ላይ 2,000፣ ታህሳስ ላይ ምንም፣ ጥር ላይ በሞባይል ባንኪንግ ያለውን በሙሉ ሶስት ጊዜ ከፋፍዬ አወጣሁት። አልጋዬ ላይ ተኝቼ በጣቴ ነው ያወጣሁት፣ ማንም አላየኝም።

በዚያው አመት ግን በዚያው ደሞዝ ደብተሬ ላይ ያልነበረ እቁብ ገብቻለሁ። የሰፈራችን ሴቶች 24 ነን፣ በሳምንት 1,000 ብር፣ እሁድ እሁድ ከሰአት በኋላ ሰብሳቢያችን ቤት። አንድም ሳምንት አላሳለፍኩም። አንድ ጊዜ ደሞዝ ዘግይቶ ከስራ ቦታ ልጅ ተበድሬ ነው የጣልኩት፣ ምክንያቱም እሁድ 9 ሰአት ላይ ስሜ ይጠራል፣ ሃያ ሶስት ሰው አይኑ እኔ ላይ ነው፣ የኔን የምትጠብቅ ባለ እጣ አለች፣ ልጇን ትምህርት ቤት የምታስመዘግብበት ነው። እጣው ለኔ የካቲት ላይ ወጣ፣ በሱ የእናቴ አይን ሞራ ተገፈፈ። ፋሻው የተፈታ ቀን ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር እያየች ቁጥሩን ጮክ ብላ ማንበቧ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፣ አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት፣ አስራ ሶስት፣ እንደ ህጻን።

ያው እኔ ነኝ፣ ያው ደሞዝ ነው። ልዩነቱ አንዱን ሰው ያውቀዋል፣ ሌላውን ሻንጣ ስር ያለ ደብተር ብቻ ነው የሚያውቀው። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል፣ እኔ ደሞ የምለው የሚጠብቀውም የለም።

ይሄን ግን ገና አልገባኝም ነበር፣ ያስገባችኝ እቴቴ ናት። እቴቴ የምላት ኩታበር ያለችው አክስቴ ናት፣ የአባቴ ታላቅ። አባቴ ከሞተ በኋላ የሱን ፊት የማየው እሷ ላይ ነው። በየወሩ ብዬ ጽፌ በአመቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ነው የሄድኩት፣ አንዴ ለጥምቀት ሰሞን አንዴ ነሐሴ ላይ። ቅርብ እኮ ናት፣ ቦሩ ሜዳን አልፎ ነው፣ ሰኞ ገበያ ለመጡ ሰዎች እንኳ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነው። ነሐሴ የሄድኩ ቀን ዝናቡ ሊጥል ጠቁሮ ነበር፣ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። አይኗ እንደ ድሮው ስላልሆነ በጣቷ ጫፍ እየዳሰሰች ነው ጠጠሩን የምታወጣው፣ ምስሩን በአውራ ጣቷ ትገፋዋለች፣ ቆም ትላለች፣ ጠጠር ከሆነ ወደ ውጪ ትወረውረዋለች፣ አንዱንም አትስትም። ጫማዬን ሰምታ ነው መሰለኝ ቀና ሳትል ስሜን ጠራችኝ።

ከዛ ደስታም ቁጭትም ሆነባት። ቡና አልቆላሁ፣ እንጀራዬ የትናንት ነው፣ ምን ላብላሽ እያለች ትነሳለች ትቀመጣለች። እኔ ደሞ ለማጽናናት ብዬ እቴቴ በየወሩ ልመጣ እኮ አቅጄ ነበር፣ ደብተሬ ላይ ሁሉ ጽፌዋለሁ፣ ስራ እየያዘኝ ነው አልኳት። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

"ለኔ ያልነገርሽኝን ለደብተር ነገርሽው?" አለችኝ።

ምንም መልስ አልነበረኝም። እሷ ግን ልታስከፋኝ አልነበረም፣ ቀስ ብላ ቀጠለች፣ "ቀኑን ብትነግሪኝ እኮ የኔ አለም፣ ዋዜማውን ቡናዬን ለቅሜ፣ ጎረቤቴን ነገ ልጄ ትመጣለች ብዬ፣ መንገድ መንገዱን እያየሁ እውል ነበር። ብትቀሪ እንኳ የጠበቅኩት ቀን የኔ ነበር።"

ከዛች ቀን ወዲህ ይሄ ንግግር ከውስጤ አልወጣም። እኔ ሳስብ የነበረው ባልሄድኩባቸው አስር ወሮች የከለከልኳት ጉብኝቱን ብቻ መስሎኝ ነበር፣ ለካ መጠበቁንም ጭምር ነው የወሰድኩባት።

እና ትናንት ጳጉሜ 4 ሀጅያ ቤት ቡና ነበር። ሀጅያ ጎረቤታችን ናቸው፣ ከናቴ ጋር 30 አመት በላይ አንድ አጥር ነው የተጋሩት፣ የኛ ጾም ሲገባ የሳቸው ቤት ሽሮ ይበዛል፣ የሳቸው ረመዳን ሲገባ እናቴ ሾርባ ታዘጋጃለች፣ ወሎ ለኖረ ሰው ይሄ ወሬ አይደለም። መውሊድ ባለፈው ሳምንት ነበርና ልጃቸው መውሊድ ከሚከበርበት ከጀማ ንጉስ ተመልሶ ገና እግሩን እያሸ ነው፣ ቤቱ በአደስና በእጣን ጢስ ታፍኗል፣ ቴሌቪዥኑ የህዳሴውን ግድብ ምረቃ ያሳያል። እናቴ ቦንድ ገዝታ ነበር፣ መጋቢት 24፣ 2003 መሰረቱ ሲጣል አስተማሪ ነበረች፣ የወር ደሞዟን ለአመት ከፋፍላ ሰጥታለች፣ ወረቀቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ለሁላችንም አሳየችን፣ በአዲሱ አይኗ እያነበበች። 14 አመት። አንድም ቀን ሰው እንዳይሰማ ብላ አልደበቀችውም፣ እንደውም መምህራን ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ ነው ቃል የገባችው።

አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ሀጅያ ሲኒውን ጀባ ብለው ሰጡኝና "ዘንድሮ ኒያሽ ምንድነው ልጄ?" አሉኝ። ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፣ ሁልጊዜ ደግ ደጉን ያምጣልን ብዬ አልፈዋለሁ። ትናንት ግን የእቴቴ ጣት ምስሩ ላይ ታየኝና ተናገርኩ። በየወሩ የመጀመሪያዋን ቅዳሜ ኩታበር እሄዳለሁ አልኩ። መንጃ ፈቃድ እስከ ጥር አወጣለሁ አልኩ። ቁጣዬን እተዋለሁ አልኩ። እዛ ላይ ሀጅያ እጃቸውን አነሱና "ቁጣስ የለብሽም፣ ያለብሽ ችኮላ ነው፣ ችኮላሽን ለመተው ነይቺ" አሉኝ። ስምንት ሰው ነበር ቤቱ ውስጥ፣ ስምንቱም ራሱን ነቀነቀ፣ እናቴም ጭምር። 33 አመት ሙሉ በራሴ ላይ የተሳሳተውን ነገር ስዋጋ ኖሬ ኖሮ ነው፣ ለብቻዬ ብጽፈው መቼም አላውቀውም ነበር።

"አንቱ ካሉ ይሁን፣ ችኮላዬን" አልኩ።

በረካው ሲደርስ ዱአ ሆነ። እጃችንን ዘረጋን። ያሰብሽውን ይሙላልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ዘመኑን የሰላም ያርገው፣ ደጉን ያምጣው ክፉውን ይመልሰው፣ ጥይት ከማይሰማበት አመት ያግባን። አሚን አልን፣ እናቴ ከሁላችንም በላይ ጮክ ብላ። የሀጅያ ልጅ ወዲያው ስልኩን አውጥቶ መንጃ ፈቃዱን እኔ አስታውስሻለሁ ብሎ ጥር 1 ላይ ጻፈው፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ስለት የሚሳሉ ሰዎች ዝም ብለው በሆዳቸው እንደሚይዙ አውቃለሁ፣ መስከረም 21 ግሸን የሚወጣው ህዝብ ውስጥ ስንቱ ለማንም ያልተናገረውን ተሸክሞ ነው ያንን ዳገት የሚወጣው፣ እሱ ሌላ ነው፣ እሱን የሚሰማ አለው። የኔ ደብተር ግን ሰሚ አልነበረውም። ማስተርሱን ገና ለማንም አልተናገርኩም፣ እሱን በእውነት እንደምፈልገው እርግጠኛ ስላልሆንኩ ነው፣ ስለዚህ ለጊዜው ይቅር። ጦሳንም ትቼዋለሁ። ስልኩን ግን ለእናቴ ነግሬያታለሁ፣ ከ3 ሰአት በኋላ ካየችኝ ትወስደዋለች።

ዛሬ ማታ ወደ 1 ሰአት አካባቢ እቴቴ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ እንኳን አደረሰሽ ተባባልን፣ ዘመነ ማቴዎስን አስፈጸመን፣ ማርቆስን በሰላም ያስጀምረን አለችኝ፣ ከዛ እቴቴ ቅዳሜ መስከረም 3 እመጣለሁ አልኳት። ዝም አለች። የሰማች አልመሰለኝም፣ ደገምኩላት፣ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ 4 ሰአት ላይ፣ በየወሩ ደሞ የመጀመሪያዋን ቅዳሜ።

"ሰምቻለሁ" አለች፣ ከዛ ስልኩን ሳትዘጋው ከጆሮዋ አውርዳ መሰለኝ ድምጿ ራቅ አለ፣ በአጥሩ በኩል የጎረቤቷን ስም እየጠራች፣ ልጄ ቅዳሜ ትመጣለች ትላለች፣ ሴትየዋ ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፣ እቴቴ ግን ደጋግማ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትል ይሰማኛል።