ከቁምሳጥኑ ጀርባ

የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ገዛሁት። መጽሐፉ ጥፋት የለበትም። ችግሩ እኔ አራት ኪሎ፣ ግቢ ውስጥ ተከራይ መሆኔ ነው።

ላላነበባችሁት፦ ዊንስተን ስሚዝ የሚባል ምስኪን የመንግሥት ሠራተኛ አለ። ቤቱ ግድግዳ ላይ ቴሌስክሪን ተተክሎበታል። ያወራል፣ ደግሞም ያያል። ድምፁን መቀነስ ይቻላል፣ ማጥፋት ግን አይቻልም። ደግነቱ ስክሪኑ የማያያት አንዲት ጥግ አለች። እዚያ ተሸጉጦ የዕለት ማስታወሻውን ይጽፋል። ከተያዘ ሞት ነው፤ ቢያንስ ቢያንስ 25 ዓመት የጉልበት ሥራ።

እዚህ ጋ ስደርስ ቀና አልኩ። በመስኮቱ ትይዩ አከራዬ እማማ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል።

እማማ ስንት ሰዓት እንደገባሁ ያውቃሉ። ምን እንደበላሁ ያውቃሉ። ባለፈው ጉንፋን ሲጀማምረኝ፣ እኔ ገና ሳልነቃበት ዝንጅብል አፍልተው በሬ ላይ ቆመው ነበር። የኦርዌል የሐሳብ ፖሊስ እሳቸው ጋ መጥቶ ሥልጠና ቢወስድ አይከፋም። መብራቴ ካመሸ ደግሞ «አንተ ልጅ፣ ቆጣሪው እየበረረ እኮ ነው!» ይላሉ።

እኔም እንደ ዊንስተን ጥግ ፈለግሁ። ከቁምሳጥኑ ጀርባ ተገኘች። ትራስ አስገባሁ፣ ኤርፎን ሰካሁ፣ ማንበቤን ቀጠልኩ። ነፃነት!

ለእማማ የሚታያቸው ደግሞ ሌላ ነው። መብራት በርቷል፣ ሰው የለም፣ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ቢያንኳኩ መልስ የለም። ክረምት ነው፤ አመሻሽ ላይ የከሰል ምድጃ ይዤ ስገባ አይተዋል። መልሼ ሳወጣው ግን ድራማ ሊያዩ ገብተው ነበር። በጥበቃቸው ውስጥ ያየሁት ብቸኛ ክፍተት ይኸው ነው። የከሰል ጭስ ስንቱን ተኝቶ እንዳስቀረ ደግሞ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል።

መርማሪው ኦብራየን አራት ጣቱን ዘርግቶ «ስንት ነው?» እያለ ዊንስተንን የሚያሰቃይበት ቦታ ላይ ስደርስ በሬ ተገነጠለ።

መጀመሪያ የግቢው ጎረምሶች ገቡ። ቀጥሎ እማማ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው። ከኋላ የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ጋሼ፣ ጥሩንባቸውን እንደያዙ። ትንሽ አልቸኮሉም?

«አለ! ልጄ አለ!» እልል ተባለ። ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ። «እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

ምን ልበል? የተደበቅሁባቸው እማማ እያለቀሱ አቅፈውኛል።

ጋሼ መጽሐፉን አንስተው ሽፋኑን አዩ።

«1984? ደርግ የወደቀው በ83 አይደል እንዴ? 84 ምኑ ያስደብቃል?»

«በፈረንጅ ነው ጋሼ። በእኛ 76 መሆኑ ነው።»

«እ… 76።» አልጋዬ ላይ ተቀመጡ። «እሱስ ያስደብቃል። ምን ይላል?»

ነገርኳቸው። ልጅ አባቱን ይጠቁማል። ሰው በሌሊት ይወሰድና ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል። የትናንት ጋዜጣ ዛሬ እንደገና ይጻፋል። ደራሲው በ1949 አሳትሞት ዓመት ሳይሞላው ሞተ፤ በእኛ 1941 መሆኑ ነው፣ ጃንሆይ ገና ዙፋን ላይ ሳሉ። ልብ ወለድ ነው አልኳቸው።

«ልብ ወለድ የሆነው ምኑ ላይ ነው?» አሉ ጋሼ።

«ኧረ ቀስ በል አንተ ሰውዬ!» አሉ እማማ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ።

መጽሐፉን ጋሼ ይዘውት ሄዱ፤ እስካሁን አልመለሱም። የበሩን ሒሳብ የከፈልኩት እኔ ነኝ። አናጢውን ያዘዙት ግን እማማ ናቸው፤ አዲሱ በር መስታወት ይኑረው ብለዋል። «ደህና ማደርህን ለማየት ነው።» መስታወት ካለውማ መጋረጃ ያስፈልገዋል ብዬ ተከራከርኩ። እውነትህን ነው አሉ። በማግሥቱ የሚያምር የዳንቴል መጋረጃ ይዘው መጥተው ራሳቸው ሰቀሉልኝ።

በውጭ በኩል።