ዓባይ በረሃ ለመስክ ትምህርት ለምትወርዱ

የዛሬው የመስክ ጉዞ ስብሰባ በአበል ክርክር አለቀ። ስለ መኪናው ፍሬንስ ማን አነሳ?

ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ሹፌሩ ገና ከአፋፉ በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ ይጀምር። ፍሬን እየረገጠ ከወረደ ሸራው ይግልና መያዝ ያቆማል። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ቆሞ ማቀዝቀዝ እንጂ ውሃ መድፋት የለም፤ የጋለ ታምቡር ይሰነጠቃል። ይህን ሹፌሩ ቢያውቀውም አስተባባሪው ከፊት ወንበር ተቀምጦ ይከታተል።

ውሃ ለአንድ ሰው ለቀን ቢያንስ 4 ሊትር። «ሁለት ሃይላንድ ይበቃል» የሚል አይጠፋም፤ የታችኛውን ሙቀት ስላላየ ነው።

ባዛልት ሲፈለጥ ስንጥሩ ዓይን ይፈልጋል፣ መነጽር ግድ ነው። ገደሉ ላይ አንዱ ቡድን ከሌላው በላይ ሆኖ አይሥራ፤ የተነቀለ ድንጋይ ታች ያለውን አይጠይቅም። አስፋልት ዳር የሚሠራ አንጸባራቂ ሰደርያ ይልበስ።

የስም ዝርዝሩ ላይ የቤተሰብ ስልክ፣ አስም፣ ስኳርና የሚጥል በሽታ ይጻፍ፤ አንድ ቅጂ ትምህርት ክፍሉ ጋ ይቅር።

ገደሉ ውስጥ ኔትወርክ አይታመንም። የመደወያ ሰዓት ይቆረጥ፦ ቀን 6 እና 11 ሰዓት። 11፡30 ድረስ ካልተደወለ ትምህርት ክፍሉ ራሱ ይደውላል፤ ለአስተባባሪው፣ ለሹፌሩ፣ ከዚያ ለደጀን ፖሊስ።