ባሊ ሄዳችሁ ኔፒ ላይ ከደረሳችሁ እንዳትሸሹ

እውነቱን ለመናገር ኔፒ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማሁት ባሊ፣ የኢንዶኔዥያዋ ደሴት፣ ከገባሁ በኋላ ነው፣ ትኬት ስቆርጥ ያየሁት ዋጋውን እንጂ የሰዉን በዓል ማን አየ። ኡቡድ የምትባል ከተማ ያረፍኩበት ግቢ ባለቤት ገና ሻንጣዬን ሳላወርድ "ቅዳሜ ማንም ከግቢ አይወጣም፣ የምትበላውን አርብ ገዝተህ ግባ" ስትለኝ ሰዓት እላፊ የታወጀ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

ለካ ኔፒ አዲስ ዓመታቸው ነው። እኛን ከፈረንጅ 7 እና 8 ዓመት ወደኋላ ናችሁ እያሉ ይቀልዱብናል አይደል፣ ባሊዎች በሳካ አቆጣጠር ፈረንጅ 2025 ሲል እነሱ ገና 1947 ገቡ ሃሃ ደስ አለኝ። አከባበሩ ግን እኛ ከምናውቀው በዓል ተቃራኒ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማግስቱ 12 ሰዓት እሳት አይነድም፣ መብራት አይበራም፣ ሥራ የለም፣ መዝናናት የለም፣ መንገድ ላይ መውጣት የለም፣ ቱሪስት ነኝ ብሎ ነገር አይሰራም። ኤርፖርቱ ራሱ 24 ሰዓት ይዘጋል። የሞባይል ዳታም ከ2018 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ በዚያ ቀን ይቋረጣል። ፔቻላንግ የሚባሉ ጥቁርና ነጭ ዳማ ጨርቅ ያገለደሙ የሰፈር ጠባቂዎች ብቻ ናቸው የሚዞሩት።

ዋዜማው ደግሞ እብደት ነው። ወጣቶቹ ከቀርከሃና ከወረቀት የሰሩትን ኦጎህ ኦጎህ፣ ጥርሱ የገጠጠ ዓይኑ የፈጠጠ ግዙፍ ጋኔን በሉት፣ በትከሻቸው ተሸክመው እየጮሁ ይወጡና መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርሱ ያሽከረክሩታል፣ ክፉ መንፈሱ አቅጣጫው እንዲጠፋበት ነው አሉኝ። በማግስቱ ደሴቱ ጭልም ጭጭ ሲል መንፈሱ ሰው የሌለበት መስሎት ያልፋል። እኔ ማታ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ከውሻና ከእንቁራሪት በቀር ምንም አልሰማም፣ ኮከቡ ግን እንዴት እንደተዘረገፈ! የዛን ያህል ኮከብ ካየሁ ስንት ዓመቴ።

ከሁሉም በላይ ግን ልቤን የወሰደው ቻናንግ ሳሪ የሚሉት ለአማልክት የሚቀርብ መባ ነው። ከዘንባባ ቅጠል የተሰፋች መዳፍ የምታክል ትሪ፣ ውስጧ ነጭ አበባ ወደ ምስራቅ፣ ቀይ ወደ ደቡብ፣ ቢጫ ወደ ምዕራብ፣ ላይዋ ትንሽ ሩዝ፣ አንዳንዴ ከረሜላ ሁሉ አለበት፣ ከዛ አንድ ዘንግ ዕጣን። የግቢው ባለቤት ሴትዮ በየጠዋቱ ደጃፍ ላይ ታስቀምጥና ጭሱን በእጇ ቀስ አድርጋ ትገፋዋለች፣ ሞተር ሳይክሏ ወንበር ላይም አንድ አታጣም። በሁለተኛው ቀን ስልኬን እያየሁ ትሪዋን ረገጥኩባት። አፈርኩ። ሴትየዋ ምንም አላለችኝም፣ ሌላ አምጥታ አስቀመጠች፣ ሩዙን ዶሮዎቹ ለቀሙት። ስለዚህ እባካችሁ እዛ ስትሄዱ መሬት መሬት እያያችሁ ተራመዱ።

ምግብ ላይ እኔ የደረስኩት በሁዳዴ ስለሆነ ዝነኛውን አልነካሁም። ባቢ ጉሊንግ የሚሉት ሆዱ በእርድና በቅመም ተሞልቶ እሳት ላይ እየተሽከረከረ የሚጠበስ አሳማ ነው። አሳማ የማትበሉ ከሆነ ላዋርንም ጠይቁ፣ አትክልትና ኮኮናት ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ሥጋ አለበት፣ ደምም ይገባበታል። ለጿሚ ግን ባሊ ገነት ነው ብል አላጋነንኩም፣ ቴምፔ አለ (አኩሪ አተር አብላልተው ጨፍቀው የሚጠብሱት)፣ ጋዶ ጋዶ አለ፣ ቅቅል አትክልት በለውዝ ስጎ። ብቻ ዋሩንግ፣ ማለት ትንሿ ምግብ ቤት፣ ስትገቡ "ታንፓ ተሉር፣ ታንፓ ቴራሲ" በሉ፣ ያለ እንቁላል ያለ ቴራሲ (ከሽሪምፕ የሚሰራ ማጣፈጫ) ማለት ነው፣ ቴራሲው ሳይታይ ነው ድልህ ውስጥ የሚገባው። ሳምባል ማታህን ሞክሩ፣ ጥሬ ቀይ ሽንኩርት ከቃሪያና ከሎሚ ሳር ጋር በኮኮናት ዘይት፣ እኔ ባዶ ሩዝ በሱ ብቻ ስንቴ እንደበላሁ አልነግራችሁም።

ሌላው ሌላው፣ ከ2024 ጀምሮ የውጭ ቱሪስት ሁሉ 150 ሺህ ሩፒያ ይከፍላል፣ ከመሄዳችሁ በፊት ኦንላይን ጨርሱት። ቤተ መቅደስ ስትገቡ ሳሮንግ (ሽርጥ) ታገለድማላችሁ ወገባችሁ ላይም መቀነት ታስራላችሁ፣ ሴት የወር አበባ ላይ ከሆነች አትገባም፣ እሱ ለእኛ አዲስ አይደለም። ዕቃ በግራ እጅ አትስጡ። ኡሉዋቱ የሚባለው ቤተ መቅደስ ገደሉ ላይ ያሉት ጦጣዎች መነጽር ይነጥቁና ፍራፍሬ ካልሰጣችኋቸው አይመልሱም፣ ነጋዴ ናቸው። የቧንቧ ውሃ አትጠጡ። ከሁሉም የተሻለ ምንዛሪ የለጠፈ ሱቅ ካያችሁ ደግሞ እለፉት፣ እኔን አንዱ ሰውዬ ፊቴ ቆጥሮ ሰጥቶኝ ውጭ ወጥቼ ደግሜ ስቆጥር 200 ሺህ ጎደለ፣ እንዴት እንዳደረገው እስካሁን አልገባኝም!

የ2026ቱ ኔፒ ማርች 19 ሐሙስ ነው፣ እሱም ሁዳዴ ውስጥ ነው የሚውለው። ዋዜማውን እንድታዩ ቢያንስ ማክሰኞ ግቡ፣ ረቡዕ ከሰዓት በፊት ሩዝ፣ ሙዝና ውሃ ገዝታችሁ ግቢ አስገቡ፣ ከዛ ኦጎህ ኦጎሁን ተከትላችሁ ውጡ።